ራጅን ያለ ዋጋ የሰጠ ሰው

እዚህ ሼክ ኑር አንድ ልጅ ኳስ ሲጫወት ወድቆ ክንዱ ያበጠ እንደሆነ ቤት ውስጥ የሚነሳው ክርክር የታወቀ ነው። አያት ካሉ ወጌሻ ይጠራ ይላሉ። አባት እስኪ ይደርና ነገ ይታያል ይላል። እናት ግን ነጠላዋን አጣፍታ ልጁን ይዛ ትወጣለች። ሐኪም ቤት ሲደርሱ ሐኪሙ ክንዱን ነካ ነካ ያደርግና በሶማልኛ ራጆ ያስፈልጋል ይላል። ሶማልኛ ገና ያልለመደች እናት እንኳ ይህችን ቃል ለመረዳት አስተርጓሚ አትፈልግም፤ እኛም በአማርኛ ራጅ የምንለው ነውና። ጣልያኖች ጨረሮችን ራጂ ይላሉ። ከዚያ ቃል አንዱ ወደ አማርኛ፣ ሌላው ወደ ሶማልኛ ገብቶ ቀረ።

እኛ የሳይንስ ክበብ አባላት ለዘንድሮው የዓመት መጽሔት የማንን ታሪክ እንጻፍ ብለን ስንመክር የተነሳነው ከዚህች ቃል ነው። የራጅን ጨረር ያገኘው ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ዊልሄልም ኮንራድ ሮንትገን ነው። ስሙን በፊዚክስ መጽሐፋችን ውስጥ በአንድ መስመር አልፈነው ነበር። ያስቆመን አንድ የዘመን አጋጣሚ ነው። ጨረሩ የተገኘው እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ጥቅምት 29 ቀን 1888 ሲሆን የዓድዋ ጦርነት የተደረገው በዚያው ዓመት የካቲት 23 ቀን ነው። በመካከላቸው ያለው 114 ቀን ብቻ ነው። አውሮፓውያን አንዱን በ1895 ሌላውን በ1896 ስለሚቆጥሩት ሁለቱን ነገሮች አጠገብ ለአጠገብ የሚያስቀምጣቸው የእኛ አቆጣጠር ነው። እንዴት እንደተገናኙም ወደ ኋላ እንመለስበታለን። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ 1888 ካልነው በቀር ሌሎቹ ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሮንትገን የተወለደው መጋቢት ውስጥ በ1845 በጀርመን ሌኔፕ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። አባቱ የጨርቅ ነጋዴ ነበር፤ እናቱ የሆላንድ ተወላጅ ናት። ሌላ ልጅ አልነበራቸውም። ሦስት ዓመት ሲሆነው ቤተሰቡ ወደ ሆላንድ ተሻገረ፤ ልጁም ያደገው ከተወለደበት አገር ውጭ፣ በሌላ ቋንቋ ነው። ይህን ያህሉ ለእኛ ለብዙዎቻችን እንግዳ ነገር አይደለም። በትምህርቱ የተለየ ጎበዝ እንደነበር የሚናገር የለም። በእጁ አንዳንድ ነገር መሥራትና ከቤት ወጥቶ በዱር በገደሉ መዞር ይወድ ነበር።

በዩትሬክት ከተማ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ሳለ ግን ሕይወቱን ያዛባ ነገር ደረሰበት። አንድ ተማሪ የአስተማሪን መልክ የሚያሾፍ ሥዕል ክፍል ውስጥ ሣለ። አስተማሪው ሲገባ ሥዕሉ አልጠፋም ነበር። ሮንትገን ሥዕሉን አልሣለም፤ የሣለውን ግን ያውቀዋል። ማን እንደሆነ እንዲናገር ተጠየቀ፤ አልናገርም አለ። በዚህ ምክንያት ከትምህርት ቤቱ ተባረረ። የዩኒቨርሲቲ በር የሚከፍተውን የመጨረሻ ማስረጃ ሳይዝ ቀረ፤ የዚያ ማስረጃ አለመኖርም ለብዙ ዓመታት እንደ ጥላ ተከተለው።

በዚህ ነገር በክበባችን ውስጥ ብዙ ተከራክረናል። ከእኛ አንዳንዶቹ ጓደኛን አሳልፎ አለመስጠት ትልቅ ነገር ነው አሉ። ሌሎቹ ደግሞ ያ ጓደኛ የት ነበረ፣ ጓደኛው ሲባረር እያየ ለምን እኔ ነኝ ብሎ አልተነሳም ሲሉ ጠየቁ። አስተማሪዎቻችንም በአንድ አልተስማሙም። የሁላችንም ሐሳብ የገጠመው ሥዕሉን የሣለው ልጅ ስም በታሪክ ውስጥ ባለመቅረቱ ላይ ነው፤ ሮንትገን እስከ መጨረሻው ጠብቆታል ማለት ነው።

መፍትሔው ከስዊዘርላንድ መጣ። በዙሪክ ያለው የፖሊቴክኒክ ተቋም ያንን ማስረጃ ያልያዘ ተማሪም ሊቀበል እንደሚችል ሰማና ወደዚያ ሄደ። በ1868 በሜካኒካል ምሕንድስና ተመረቀ፤ በማግሥቱ ዓመት በጋዞች ላይ ባደረገው ጥናት ከዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቱን አገኘ። አውግስት ኩንት የተባለው የፊዚክስ ሊቅ ረዳቱ አድርጎ ያዘው፤ ምሕንድስናውን ትቶ ወደ ፊዚክስ የዞረውም በዚህ ሰው ምክንያት ነው። በዙሪክ ሳለ የአንድ ማረፊያ ቤት ባለቤት ልጅ ከሆነችው ከአና በርታ ሉድቪግ ጋር ተዋወቀ፤ በ1872 ተጋቡ። ልጅ አልወለዱም። በ1887 የበርታን ወንድም ልጅ፣ የስድስት ዓመቷን ጆሴፊንን ወስደው እንደ ልጃቸው አሳደጉ።

ኩንት ወደ ጀርመኑ ቩርትስቡርግ ዩኒቨርሲቲ ሲዛወር ሮንትገን ተከትሎት ሄደ። እዚያ የማስተማር ፈቃድ ቢጠይቅ ያ ያልጨረሰው ትምህርት ቤት ተነሳበት፤ ዶክተር ሆኖም የሁለተኛ ደረጃ ማስረጃ ስለሌለው ተከለከለ። ፈቃዱን ያገኘው በስትራስቡርግ ነው። ከዚያ በኋላ በሆኸንሃይም፣ እንደገና በስትራስቡርግና በጊሰን አስተማረ። በአውሮፓውያኑ 1888 ያ የከለከለው የቩርትስቡርግ ዩኒቨርሲቲ ራሱ ፕሮፌሰር አድርጎ ጠራው፤ በ1894 ደግሞ የዩኒቨርሲቲው ኃላፊ ሆኖ ተመረጠ። ማስረጃ የለህም ተብሎ በተመለሰበት በር ኃላፊ ሆኖ ገባበት ማለት ነው። ይህን ክፍል ስናነብ ያጨበጨቡ አባላት ነበሩን።

አሁን ወደዚያች ምሽት እንምጣ። ዕለቱ ዓርብ ነው፤ ሮንትገን 50 ዓመት ደፍኗል። በዚያ ዘመን ብዙ የፊዚክስ ሊቃውንት አየሩ ከሞላ ጎደል ተመጥጦ በወጣለት የብርጭቆ ቱቦ ውስጥ ከፍተኛ ኤሌክትሪክ ሲለቀቅ የሚሆነውን ያጠኑ ነበር። ሮንትገንም ይህንኑ ይሠራል። ቱቦውን በጥቁር ካርቶን ጥርቅም አድርጎ ሸፍኖ፣ ክፍሉንም አጨልሞ ኤሌክትሪኩን ለቀቀው። ከቱቦው ምንም ብርሃን አይወጣም። ነገር ግን ራቅ ብሎ የነበረ፣ ባሪየም ፕላቲኖሳይናይድ የሚባል ኬሚካል የተቀባ ወረቀት በጨለማው ውስጥ ፈካ። ኤሌክትሪኩን ሲያጠፋ ወረቀቱ ይጨልማል፤ ሲለቅቀው መልሶ ይፈካል። ከቱቦው ዓይን የማያየው ነገር ወጥቶ፣ ካርቶኑን አልፎ፣ ወረቀቱ ላይ እየደረሰ ነው ማለት ነው።

ይህን የመሰለ ነገር ከእሱ በፊት በሌሎች ቤተ ሙከራዎች ውስጥ ሳይሆን አልቀረም፤ ቱቦው በየቦታው ነበርና። ልዩነቱ ሮንትገን ቆም ብሎ መመልከቱ ነው። ለማንም አልተናገረም። ለሰባት ሳምንት ያህል በቤተ ሙከራው ውስጥ ከረመ፤ እዚያው ይበላል፣ እዚያው ይተኛል። መኖሪያው ከዚያው ሕንፃ ፎቅ ላይ ቢሆንም ባለቤቱ እንኳ ምን እንደያዘው አታውቅም ነበር። በጨረሩ ፊት መጽሐፍ አስቀመጠ፤ አለፈው። እንጨት አስቀመጠ፤ አለፈው። ቀጭን አሉሚኒየምም አላቆመውም። እርሳስ የሚባለው ከባድ ብረት ግን አስቆመው። ከዚያ እጁን በጨረሩ መንገድ ላይ ሲዘረጋ የገዛ አጥንቱን ጥላ አየ።

ታኅሣሥ 13 ቀን 1888 በርታን ወደ ቤተ ሙከራው ጠራት። እጇን በፎቶግራፍ መስታወት ላይ እንድታስቀምጥ አድርጎ ለ15 ደቂቃ ያህል ጨረሩን ለቀቀባት። መስታወቱ ሲታጠብ የጣቶቿ አጥንቶች ከነቀለበቷ ወጡ። ሥጋዋ እንደ ቀጭን ጭጋግ ብቻ ይታያል። በርታ ይህን ስታይ አልተደሰተችም፤ የገዛ ሞቷን ያየች መስሏት ደነገጠች ይባላል። አጥንት በራጅ ላይ ጎልቶ የሚታየው ካልሲየም ስላለበት ነው፤ ካልሲየም ጨረሩን ከሥጋ ይልቅ አብዝቶ ይይዘዋል። ፊልሙ ላይ ጨረሩ በብዛት የደረሰበት ቦታ ይጠቁራል፤ አጥንት የከለለው ቦታ ነጭ ሆኖ ይቀራል።

ከስድስት ቀን በኋላ አጭር ጽሑፉን ለቩርትስቡርግ የሕክምናና የፊዚክስ ማኅበር ሰጠ። ጨረሩን ኤክስ ብሎ ሰየመው፤ በሒሳብ ክፍል ያልታወቀውን ቁጥር ኤክስ እንደምንለው ሁሉ፣ ምንነቱ ገና አልታወቀም ለማለት ነው። የአውሮፓውያን አዲስ ዓመት በዋለበት ቀን ጽሑፉን ከነፎቶግራፎቹ ለሚያውቃቸው ሊቃውንት በፖስታ ላከ። ከእነሱ አንዱ የቪየና ሰው ነበር፤ በአምስተኛው ቀን ወሬው በቪየና ጋዜጣ ላይ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ያቆመው የለም። ሮንትገን በጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት ፊት ቀርቦ ሙከራውን አሳየ። ጥር 15 ቀን በቩርትስቡርግ ለሕዝብ ሲያስረዳ የአንድ ታዋቂ ሽማግሌ ሐኪም፣ የአልበርት ፎን ኮሊከርን እጅ በራጅ አነሣ፤ ጨረሩ በሮንትገን ስም ይጠራ ያለውም ኮሊከር ነው። በጀርመንኛ እስከ ዛሬ እንደዚያው ነው። ሮንትገን ራሱ ግን ኤክስ ማለቱን አልተወም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። አንድ ትልቅ የጀርመን ኤሌክትሪክ ኩባንያ ተወካይ ልኮ የግኝቱን ባለቤትነት መብት እንዲያስመዘግብና አብረው እንዲሠሩ ጠየቀው። ሮንትገን እምቢ አለ። የተገኘው ነገር የሰው ሁሉ ነው፣ አንድ ድርጅት ሊቆልፍበት አይገባም የሚል አቋም ነበረው። ፓተንት ቢያወጣ ኖሮ በየአገሩ ያሉ ሐኪሞች ፈቃድ መጠየቅና ገንዘብ መክፈል ነበረባቸው። እሱ ግን አሠራሩን በግልጽ ጽፎ ለቀቀው። መሣሪያውም ከባድ አልነበረም፤ ቱቦውና የኤሌክትሪክ ጥቅሉ በማንኛውም የፊዚክስ ቤተ ሙከራ ይገኙ ነበር። ስለዚህ ያነበበ ሁሉ በሳምንት ውስጥ ራሱ ሊሠራው ቻለ።

ዓድዋ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የካቲት 23 ቀን የዳግማዊ ምኒልክ ሠራዊት የጣልያንን ጦር ድል ካደረገ በኋላ ቁስለኛ የጣልያን ወታደሮች በመርከብ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ከመካከላቸው በክንዳቸው ውስጥ ጥይት የቀረባቸው ሁለት ወታደሮች ኔፕልስ በሚገኘው ወታደራዊ ሆስፒታል ተኝተው ነበር። ጥይቱ የት እንዳለ ሐኪሞቹ በመሣሪያ ቁስሉን እየበረበሩ ቢፈልጉም አላገኙትም። ጁሴፔ አልቫሮ የተባለው ሌተና ኮሎኔል ሐኪም በሜይ 1896 በራጅ አነሣቸውና ጥይቶቹ ያሉበትን ቦታ አየ። የጦር ቁስለኛ በራጅ የታየበት የመጀመሪያው ጊዜ ተብሎ በሕክምና ታሪክ የሚጠቀሰው ይህ ነው። ሮንትገን ጽሑፉን ካስረከበ ገና አምስት ወር እንኳ አልሞላውም ነበር። በዓለም ላይ በራጅ የታየው የመጀመሪያው የጦርነት ጥይት ከኢትዮጵያ የሄደ ጥይት ነው ማለት ይቻላል።

ይህን ስናነብ መጀመሪያ ኩራት ቢጤ ተሰማን። ቆየት ብሎ ሌላ ሐሳብ መጣ። በእኛ በኩል የቆሰሉትስ? በዚያው ዓመት የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች አዲስ አበባ ደርሰው ቁስለኞችን አክመዋል። ነገር ግን ድል ያደረገው አገር ወታደር አብዛኛው ወደ ቀዬው የተመለሰው በወጌሻ ጣትና በቤተሰቡ እንክብካቤ ብቻ ነው፤ ጥይቱን በሥጋው ውስጥ ይዞ ያረጀ ስንት አለ። ጨረሩን ማንም አልቆለፈበትም፤ ሆኖም በነጻ የተሰጠ ነገርም ቢሆን ኤሌክትሪክ፣ ቱቦና የተማረ ሰው ያለበት ቦታ ቀድሞ ይደርሳል። ሁለት ዓመት ቆይቶ በ1898 በሱዳን በተደረገው ጦርነት የእንግሊዝ ጦር ሐኪም በአባይ ዳር ራጅ ሲያነሳ ኤሌክትሪኩን ያመነጨው ወታደሮች እየፈገሩ በሚነዱት ባለ ሁለት መቀመጫ ብስክሌት ነበር። መብራት በጠፋ ቁጥር ጄኔሬተር ሲጮህ ለምንሰማ ለእኛ ይህ ሥዕል አያስቅም አይባልም።

ጨረሩ ጉዳትም አመጣ። መጀመሪያ ላይ ማንም አልፈራውም፤ በየገበያውና በየትርዒቱ እጅን በራጅ ማየት እንደ ጨዋታ ነበር። የአሜሪካዊው ቶማስ ኤዲሰን ረዳት ክላረንስ ዳሊ እጁን በጨረሩ ፊት እየደጋገመ ሲሞክር ቆዳው ቆሰለ፤ ቁስሉ ወደ ካንሰር ተለወጠ፤ እጆቹ ተቆርጠው በ1904 ሞተ። ኤዲሰንም ሥራውን አቆመ። በየአገሩ ብዙ ሐኪሞችና ባለሙያዎች እንዲሁ አልቀዋል፤ በጀርመን ሐምቡርግ ከተማ በ1936 መታሰቢያ ሐውልት ቆሞላቸዋል። ዛሬ ራጅ ክፍል ስንገባ ባለሙያው ከመከለያ ጀርባ የሚቆመው፣ ነፍሰ ጡር እናት አስቀድማ እንድትናገር የምትጠየቀው በእነዚህ ሰዎች ሕይወት በተገኘ ዕውቀት ነው። ለአንድ ክንድ የሚያስፈልገው ጨረር ዛሬ እጅግ ጥቂት ነው፤ ጊዜውም ከሴኮንድ ያነሰ ነው፤ የበርታ 15 ደቂቃ ቀርቷል።

ሮንትገን እንከን የሌለበት ሰው አልነበረም። ፊሊፕ ሌናርድ የተባለ ሌላ የፊዚክስ ሊቅ በእነዚህ ቱቦዎች ላይ ከእሱ በፊት ሠርቶ ነበር፤ ሮንትገንም ከእሱ ምክር ጠይቆ ነበርና ሌናርድ ተገቢውን ምስጋና አላገኘሁም ብሎ ዕድሜውን ሙሉ ሲያዝን ኖረ። ቅሬታው ከልክ ያለፈ ቢሆንም ጨርሶ መሠረት የለውም ለማለት ይከብደናል። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመርም ሮንትገን 93 የጀርመን ምሁራን የጦራቸውን ድርጊት ደግፈው ባወጡት መግለጫ ላይ ፈርሟል፤ በኋላ እንደተጸጸተበት ይነገራል። ዓይን አፋር፣ ብቻውን መሥራት የሚወድ፣ ጋዜጠኛ የሚሸሽ ሰው ነበር። የመኳንንት ማዕረግ ቢሰጠው በስሙ ላይ ሊጨምረው አልፈለገም።

በ1901 የኖቤል ሽልማት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ የፊዚክሱ የእሱ ሆነ። ስቶክሆልም ሄዶ ተቀበለ፤ ተሸላሚዎች የሚያደርጉትን ንግግር ግን አላደረገም። ገንዘቡን ለቩርትስቡርግ ዩኒቨርሲቲ ሰጠው። በዚያ ጊዜ ወደ ሙኒክ ተዛውሮ ነበር፤ እስከ 1920 እዚያው አስተማረ። በርታ ከረጅም ሕመም በኋላ በ1919 ሞተች። ከጦርነቱ በኋላ የጀርመን ገንዘብ ሲረክስ የሮንትገን ቁጠባ አብሮ ቀለጠ። በዓለም ዙሪያ በሱ ጨረር ፋብሪካዎች ሲከብሩ እሱ በመጨረሻ ዓመታቱ ኑሮውን እየቆጠበ ኖረ። አንዳንድ ወላጆች ይህን ስንነግራቸው ሞኝ ነበር አሉን። እኛ ግን ሞኝ ነበር ብለን ለመጻፍ እጃችን አልታዘዘንም።

ከእሱ በኋላ መንገዱ ረጅም ሄዷል። በኬፕታውን ከተማ የነበረው አላን ኮርማክ በሆስፒታል ሲያገለግል ራጅን ከብዙ አቅጣጫ አንስቶ በሒሳብ በማቀናጀት የሰውነትን ውስጥ ቆራርጦ ማየት እንደሚቻል አሰበ። እንግሊዛዊው ጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ በበኩሉ መሣሪያውን ሠርቶ በ1971 ለንደን ውስጥ የመጀመሪያዋን ሕመምተኛ አነሳ፤ ሲቲ ስካን የምንለው ይህ ነው። ሁለቱም በ1979 የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ። አልትራሳውንድና ኤምአርአይ ደግሞ የራጅን ጨረር አይጠቀሙም፤ አንደኛው በድምፅ ሞገድ፣ ሌላው በማግኔት ይሠራል። ሆኖም ሳይቀደድ የሰውን ውስጥ ማየት ይቻላል የሚለው ሐሳብ የተጀመረው በዚያች ዓርብ ምሽት ነው። የሳንባ ነቀርሳ ያለበትን ሰው ደረት ለማየትም ሆነ የተሰበረ ክንድ ጀሶ ከመታሰሩ በፊት ለማረጋገጥ ዛሬም መጀመሪያ የሚታዘዘው ያው ራጅ ነው።

ሮንትገን በፌብሩዋሪ 10 ቀን 1923 በሙኒክ በአንጀት ካንሰር ሞተ። ዕድሜው 77 ነበር። የሥራ ወረቀቶቹና ደብዳቤዎቹ እንዲቃጠሉ ተናዝዞ ስለነበር ተቃጠሉ። በዚህም ምክንያት ስለዚያች ምሽት በገዛ እጁ የጻፈው ማስታወሻ አልቀረም። አስከሬኑ ወደ ጊሰን ተወስዶ ከአባቱና ከእናቱ፣ ከበርታም አጠገብ ተቀበረ። የበርታ እጅ ፎቶግራፍ ግን አልተቃጠለም። ቅጂው በክፍላችን ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ ቀለበቷ በጣቷ አጥንት ላይ ላላ ብሎ ይታያል።